የሦስት ቀን ትከሻ

የጣልያኑ የወታደር አለቃ፣ የማሬሻሎው በቅሎዎች የሶርን ወንዝ ተሻግረው የመቱን ዳገት ሲይዙ፣ ሻሽቱ ዲንቃ ሁለተኛውን ማንኪያ አጥባ፣ አድርቃ፣ ከእህል ጆንያው ሥር ወሸቀችው። ብቻዋን የምትኖር ሴት ጎጆ ውስጥ ሁለት እርጥብ ማንኪያ መገኘት የለበትም።

ትንሽ ጊዜ ነበራት። ዳገቱ በጥቅምት ጭቃ በቅሎንም ያዘገያል። አባቷ አቶ ዲንቃ የተጎዳ ሰው ሲመጣላቸው፣ ከእግር ጣቱ ጀምረው እየዳሰሱ ወደ ላይ ይወጡ ነበር እንጂ በሽተኛው «እዚህ ነው የሚያመኝ» ባለው ቦታ ላይ እጃቸውን መጀመሪያ አያሳርፉም። እሷም ጎጆዋን እንደዚያው ዳሰሰችው፤ ከደጃፍ ወደ ውስጥ። ደጃፉ ላይ ሰፊ የወንድ ዱካ ነበር፤ በቅጠል ጠረገችው። መደቡ ላይ የተጎዘጎዘው ሣር በትልቅ ሰው ጎን ተጨፍልቋል፤ በአዲስ ቀየረችው። የትንባሆ ሽታ አለ፤ ፍሙ ላይ ቅቤ ጠብ አደረገችበት።

«እትዬ ሻሽቱ» አለ ከቆጡ ላይ የታፈነ ድምፅ። «ደረሱ?»

«ደረሱ። ቀኝ ክንድህን እንዳታንቀሳቅስ።»

«አሁን ነፍሴን ነው ክንዴን የምጠብቀው?»

«አብረው ነው የተሰጡህ። ዝም በል።»

ሰውየው አራርሳ ይባላል። የያዮ ማር ቆራጭ ነው፤ ጫካውን ከነመግቢያ መውጫው ስለሚያውቅ ለአርበኞቹ መንገድ መሪ ሆኖ ነበር። ከሳምንት በፊት ሁሩሙ ገበያ ላይ ተያዘ። አርበኞቹ ከነሚስትና ልጆቻቸው የሰፈሩበትን እንዲናገር፣ እጆቹን ወደ ኋላ አስረው መቱ ላይ ከወራጅ ሰቀሉት። ቀኝ ትከሻው ወለቀ፤ አፉ ግን አልተከፈተም። «እኔ ጀግና አይደለሁም እትዬ» ብሏታል በኋላ። «አንደኛውን ትከሻ ቻልኩት። በሁለተኛው እናገር ነበር።» በማግሥቱ እንደሚደግሙት ስላወቀ፣ የእስር ቤቱን የሣር ክዳን በግራ እጁ ዘንጥሎ ወጣ። ጎህ ሲቀድ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ከአጥሯ ሥር ቆሞ አገኘችው። ይህ ከሦስት ቀን በፊት ነው።

ትከሻውን መልሳለታለች። መመለሱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ማቆየቱ ነው። አባቷ የበግ አጥንት እያገጣጠሙ ሲያስተምሯት፣ ክርን እንደ በር ነው ይሏት ነበር፤ ወደ አንድ ወገን ይከፈታል፣ ወደ አንድ ወገን ይዘጋል፣ ከዚያ ሌላ አመል የለውም። አንገት እንደ እንዝርት ባለበት ይዞራል። የእጅ አንጓ በከረጢት ውስጥ እንዳሉ ጠጠሮች እርስ በርሱ ይንሸራተታል። የራስ ቅል ደግሞ አንዴ ተሰፍቶ ያለቀ ነው፤ አይነቃነቅም፤ ከተነቃነቀም ወጌሻ አያድነውም። ጭንና ትከሻ ዘነዘናና ሙቀጫ ናቸው፤ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራሉ። ነገር ግን ጭን የተቀመጠበት ሙቀጫ ጥልቅ ነው፣ ሸክም ይችላል። የትከሻው ዝርግ ነው፤ እንደ ሰሐን። እግዜር ክንድ ሁሉ ቦታ እንዲደርስ ብሎ ግድግዳውን ዝቅ አድርጎለታል። «ስለዚህ» ይሏት ነበር አባቷ፣ «ብዙ የሚደርስ አጥንት ቶሎ ከቤቱ ይወጣል።»

ይህን ከማንም ይበልጥ የምታውቀው በራሷ ገላ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ቀፎ ልታወርድ የወጣችበት ዛፍ ጣላት፤ ቀኝ ትከሻዋ ወለቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ማገዶ ስትወረውር፣ አንዴ ጸጉሯን ስትሠራ፣ በገዛ ፈቃዱ ወጣ። ሦስቱንም ጊዜ የመለሱት አባቷ ናቸው። እሳቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀኝ ክርኗ ከትከሻዋ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ጸጉሯን በግራ ታበጥራለች፤ ገበያተኛው ግራኝ ናት ይላታል። ከያዮ እስከ ጎሬ የእሷን አጥንት የሚመልስ ሌላ ሰው የለም።

ማሬሻሎው ከበቅሎው ሳይወርድ ግቢው መሐል ቆመ። አስካሪ የሚባሉ ሦስት የጣልያን ቅጥር ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ አብረውት ነበሩ። አስተርጓሚው ሰቦቃ ይባላል፤ የመቱ ልጅ ነው፤ ጣልያንኛውን የለመደው ጎሬ ላይ ለነጋዴ ሲያገለግል ነው። ጫማው አዲስ ነበር፤ ጭቃው ላይ ሲረግጥ እያየው ይረግጣል።

«አዴ ሻሽቱ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። አንተ ክርንህ እንዴት ነው? ይዘረጋል?»

አንደኛው አስካሪ ሳቀ። ሰቦቃ ሳያስበው ግራ ክርኑን ዘረጋ፤ ወዲያው አጠፈው። በዘጠኝ ዓመቱ ከአህያ ወድቆ እሷ ነበረች የመለሰችለት።

«ጨዋታ አይደለም» አለ። «ትከሻው የወለቀ እስረኛ አምልጧል። ትከሻው የወለቀ ሰው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ወጌሻ።»

«ወጌሻዋስ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ። እስካሁን ግን አልመጣም። ከመጣ ክፍያውን ለማን ልጠይቅ፣ ለእናንተ ነው?»

ማሬሻሎው ሰቦቃ እስኪተረጉምለት ጠበቀ፤ አልሳቀም። በእጁ ወደ ጎጆው አመለከተ። አንዱ አስካሪ ገብቶ መደቡን በሳንጃ ወጋ፤ አዲስ ሣር ብቻ አወጣ። ጆንያዎቹን ረገጠ። ሻሽቱ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ አጣጥፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሁሉን ነገር ዳስሳለች፤ ከደጃፍ እስከ ጓዳ የቀረ ነገር የለም።

ያን ጊዜ ከቡናው ሥር ቀይዋ ዶሮ እየጫረች ወጣች።

ቀኝ ክንፏ በቀርከሃ ስንጥር ታስሯል። በሰቦቃ ጫማ አጠገብ እያነከሰች ሳይሆን እያዘነበለች፣ በአንድ ጎኗ ከብዷት አለፈች።

ሻሽቱ ዶሮዋን ረስታት አልነበረም። እንደሚደበቅ ነገር ቆጥራት አታውቅም እንጂ። ሰው ዕቃውን ሲደብቅ የገዛ እጁን አይደብቅም። የአባቷ ሥርዓት ነው፤ የተጎዳ ሰው በመጣበት ቀን የአንዲት ዶሮ አካል በዚያው በኩል ይወልቃል፣ ይመለሳል፣ ይታሰራል። ለክንድ ክንፍ፣ ለእግር እግር። ዶሮዋ ስትድን በሽተኛው ይፈታል ይላል ሰው። ሻሽቱ ግን ዓመት ሙሉ ቀን በኖራ ድንጋይ እየጫረች ቆጥራ፣ ዶሮ በአሥራ ሁለት ሰው በአርባ ቀን እንደሚድን ደርሳበታለች፤ በዶሮዋ መዳን ሰው ቢፈታ ዳግመኛ ይወልቅበታል። ሥርዓቱን ያልተወችው በሌላ ምክንያት ነው። ሰው ለራሱ አካል አይሳሳም፤ ለዶሮዋ ግን ይሳሳል። የታሰረች ዶሮ እያየ የተኛ በሽተኛ አይንቀሳቀስም።

አስካሪዎቹ ዶሮዋን አዩ፤ ምንም አልመሰላቸውም። ማሬሻሎውም አያት። ሰቦቃ ግን ቁጢጥ ብሎ ያዛት። በዘጠኝ ዓመቱ እሱም ዶሮ ነበረችው፤ በእጁ ጥሬ ያበላት ነበር።

«አዴ ሻሽቱ» አለ በኦሮምኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህቺ የማን ሕመም ናት?»



ማሰሪያውን አገላበጠው። «ጭቃው ደርቆበታል፤ የዛሬ አይደለም፤ የትናንትም አይደለም። ሦስት ቀን ይሆነዋል። ቀኝ ክንፍ።» ተነሣና ለማሬሻሎው በጣልያንኛ ብዙ ተናገረ፤ እያወራ ክንፉን ያሳየዋል። ማሬሻሎው መጀመሪያ እንደ ተረት ሰማው፤ በኋላ ከበቅሎው ወረደ። አስካሪው ከጎጆው ብቅ ሲል ወደ ቆጡ ጠቆመው።

ሻሽቱ አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ ቀኝ ነው። እግዜር ይመስገን፣ ቀኝ ነው።

«የእኔ ናት» አለች በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ትከሻዬ ወልቋል። ሦስት ቀኑ።»

«የእርስዎ?»

«ወጌሻ አጥንት የለውም አሉህ?»

«ታዲያ ለምን አይመልሱትም?»

«አንተ ጀርባህን በጥርስህ ማከክ ትችላለህ?»

አስካሪው እንደገና ሳቀ። ሰቦቃ አልሳቀም። «ያሳዩ» አለ።

ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ሴት ትከሻዋን ለወንድ ስታሳይ ፊቷን ማዞሯ ያለ ነው። ነጠላዋ ከማጅራቷ በስተኋላ ተቋጥሯል። ሃያ ዓመት በግራ እጇ የፈታችውን ቋጠሮ ልትፈታ ቀኝ እጇን አነሣች፤ ክርኗን ከትከሻዋ በላይ፣ መዳፏን ወደ ኋላ። ለበሽተኞቿ ሁሉ «ይህን እንዳታደርጉ» እያለች በገዛ ክንዷ ግማሽ ድረስ ብቻ የምታሳየውን እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው አደረገችው። አጥንቱ ከሰሐኑ ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመ። ነጠላውን ነክሳ ክርኗን ወደ ኋላ ገፋችው።

ወጣ።

ለቅጽበት ግቢው ጠቆረባት። ሲነጋላት ክንዷ ከጎኗ ተንጠልጥሎ፣ ላብ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። በግራ እጇ ልብሷን ከትከሻዋ ገለጥ አደረገች።

ሰቦቃ ዳሰሳት። ክብ መሆን ያለበት ትከሻ ጫፉ ላይ እንደ ቤት ማዕዘን ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ አለ፤ ከብብቷ ውስጥ ደግሞ እንደ ሎሚ የደነደነ ክብ ነገር። እጁን ቶሎ አነሣ። ወደ ማሬሻሎው ዞሮ አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ቃሉን ባታውቅም ምን እንደሆነ ገባት፤ እውነቷን ነው ብሎ መሰከረላት።

አስካሪው ከቆጡ ሥር ነበር።

«ጎሬ ሐኪም አላችሁ ይባላል» አለች ሻሽቱ። «ውሰዱኝ። ለእናንተ በቅሎ ነጂዎች ስንት እግር መልሻለሁ። ብቻዬን በቅሎ ላይ መውጣት አልችልም፤ እናንተ ከሄዳችሁ እዚሁ እሞታለሁ።»

ማሬሻሎው ሰዓቱን አየ። ለነገሩ የሚሄደውም ወደ ጎሬ ነበር። አስካሪውን በፉጨት ጠራው።

ከመቱ እስከ ጎሬ ያለውን መንገድ ሻሽቱ በእግሯ መቶ ጊዜ ሄዳዋለች። በበቅሎ፣ ያውም በወለቀ ትከሻ ሄዳ አታውቅም። በቅሎዋ በረገጠች ቁጥር አጥንቱ በብብቷ ውስጥ ይዘላል። የመጀመሪያው ሰዓት ሳያልፍ ሥጋው ገና ለስላሳ ነው፤ ክንዷን ከበቅሎዋ ጎን አንጠልጥላ ራሷን ብታዝናና ምናልባት በራሱ ይመለስ ነበር። ታውቀዋለች። ስለዚህ ክንዷን በግራ እጇ ከደረቷ አጣብቃ ያዘችው፤ እንዳይመለስ።

ምክንያቱም ሌላም የምታውቀው ነገር ነበር። ሦስት ቀን የቆየ ውልቃት ቀለም አለው። ደሙ ወደ ታች ይወርዳል፤ በክንድ ውስጠኛ ገጽ እስከ ክርን ይጠቁራል፣ ከዚያ እንደ ጎመን ይሆናል፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ይጀምራል። የእሷ ገና ንጹሕ ነው። ባንዳና ማሬሻሎ ይህን አያዩም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ልብሷን በገለጠ ጊዜ ያየዋል። እሷ ብትሆን ታየው ነበር።

መንገዱ እንዲረዝም ፈለገች። ከምንጭ አጠገብ ውሃ ለመነች፤ ወርዳ ጠጣች። ደግሞ ለሽንት ወረደች። በሦስተኛው ማሬሻሎው ተቆጣ። ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ከመንገዱ ዳር ቆመው አዩዋት፤ አንዷ አወቀቻትና አፏን በእጇ ያዘች። ማንም ግን አልቀረበም። የቅርብ ጎረቤት፣ የሚያዝን ዘመድ፣ አይዞሽ የሚል ሰው ለወጌሻ የለም፤ ሰው ወጌሻን የሚያውቃት በጮኸበት ቀን ስለሆነ፣ በደህናው ቀን ሊያያት አይወድም። ይህን ስታስበው የመጀመሪያ ጊዜዋ አልነበረም። እሷና ወታደሮቹ ወደ ምዕራብ አንድ እርምጃ በሄዱ ቁጥር አራርሳ ወደ ምሥራቅ አንድ እርምጃ ይሄዳል። እርምጃዎቹን መቁጠር ጀመረች፤ ሺህ ስትደርስ እንደገና ከአንድ።

ጎሬ ላይ ዶቶሬ የሚሉት ሐኪም ራሱ የከሳ፣ እጁ የከሳ ሰው ነበር። ማሬሻሎው ከደጅ ከሌላ መኮንን ጋር ሲያወራ፣ ሰቦቃ ለማስተርጎም አብሯት ገባ። ሐኪሙ እጁን በሚሸት ውሃ ታጠበ፤ መጀመሪያ የዳሰሰው ጤነኛውን ትከሻ ነው። ሻሽቱ ይህን ወደደችለት። ከዚያ ወደ ታመመው ዞረ። በመርፌ ጫፍ ክንዷን ነካ ነካ አድርጎ ይሰማት እንደሆነ ፊቷን አየ። በመጨረሻ ክንዷን ወደ ውጭ ገልበጥ አድርጎ የውስጡን ቆዳ በመስኮቱ ብርሃን አየው፤ ከብብት እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ ብብት።

«ስንት ቀን ሆነው ይላል» አለ ሰቦቃ።

«ሦስት።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና በጣም አጭር ነገር ተናገረ። ሰቦቃ አልተረጎመውም። 

«ምን አለ?» አለችው።

«የዛሬ ነው አለ።» እርስዎ ማለቱን ትቶት ነበር። «ሴትዮ፣ ምን አደረግሽኝ? እኔ አይደለሁም ወይ የመሰከርኩልሽ? በጣቴ ዳስሼ፣ እውነቷን ነው ያልኩት እኔ አይደለሁም?»

«እኔ መስክርልኝ አላልኩህም። አሳዪ አልከኝ፤ አሳየሁ።»

«ሰውየው ቤትሽ ነበር።»

ሻሽቱ የወለቀ ክንዷን በግራ እጇ ደገፈችው።

«ቆጡ ላይ ነበር! አስካሪው እግሩን ሊያነሣ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስመለስኩት። ይህን ማሬሻሎው ቢሰማ ከአንቺ በፊት እኔን ነው የሚሰቅለኝ።»

«እንግዲያስ አይስማ» አለች ሻሽቱ።

ሐኪሙ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን እያየ ጠበቀ። ከደጅ የማሬሻሎው ሳቅ ተሰማ። ሰቦቃ አዲስ ጫማውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ በጣልያንኛ መናገር ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እየተንተባተበ። ጣቱን ግንባሩ ላይ አዞረ፤ በእጁም ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ የሚል ምልክት ሠራ።

«ምን አልከው?»

«ያረጀች ናት፣ ቀን ትሳሳታለች፣ ትከሻዋም ሁልጊዜ የሚወጣ ነው አልኩት። ደስ ይበልሽ።»

«ሁለተኛው እውነት ነው» አለች።

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። የእሱ ሥራ አጥንቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስተኛት፤ አንድ ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲ ያጠለቀ ተረከዙን ከብብቷ ሥር አኑሮ አንጓዋን በሁለት እጁ ያዘ። ሻሽቱ ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ በባዶ እግራቸው ያደርጉት የነበረው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው እንዲህ ይዟት አያውቅም። ሲስብ፣ በሽተኞቿን እንደምታዝዘው ትንፋሿን ለቀቀች፣ ጣቶቿን ዘረጋች፣ ክንዷን የሌላ ሰው ክንድ አስመስላ ተወችለት። አጥንቱ በጠርዙ ላይ ተንከባሎ ቋ ብሎ ገባ።

ሐኪሙ አንድ ነገር ተናገረ።

«ሥራውን የምታውቅ ሴት ናት ይላል» አለ ሰቦቃ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። «ሁለተኛ ግቢሽን አልረግጥም። አንቺም በመንገድ ብታገኚኝ ስለ ክርኔ አትጠይቂኝ።»

ያን ሌሊት ነዚፍ በሚባል የጨው ነጋዴ በረንዳ ላይ አደረች፤ በማግሥቱም ክንዷ ከደረቷ ተጠፍሮ ብቻዋን ወደ መቱ ወረደች። ጭን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፤ ሁሉም ሳታዛቸው ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ደረሰች።

ጎጆው ባዶ ነበር። ቆጡን ከታች ሆና አየችው፤ ድምፅ የለም። ማንኪያው ከጆንያው ሥር አለ። የተረፈውን ቆሎ ይዞ ሄዷል፤ ደግ አደረገ። እንደ ልማዷ ከውስጥ ጨርሳ ወደ ውጭ ወጣች፤ ጎጆውን ዞረች። ከጀርባው ስትደርስ ቆመች።

አራርሳ ወደ ቆጡ ሲወጣ መሰላሉን በግራ እጁ ስቦ አብሮት አስገብቶት ነበር። አሁን መሰላሉ ግድግዳው ላይ፣ አባቷ ይሰቅሉበት በነበረው ኩላብ ላይ ተሰቅሏል። ኩላቡ ከረጅም ሰው ራስ አንድ ክንድ ይበልጣል። አባቷ ከሞቱ ወዲህ መሰላሉ መሬት ላይ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፤ እዚያ የሚሰቅለው ሰው ስላልነበረ። አራርሳ ይህን በምን ያውቃል? ኩላብ አየ፣ ሰቀለ፤ ወታደሮቹ ቢመለሱ ሁሉ በቦታው እንዲያገኙት።

በአንድ እጅ አይሰቀልም። ሁለቱንም ክንድ ከራስ በላይ አንሥቶ፣ መዳፍን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ክብደት መግፋት ይጠይቃል። በሦስተኛው ቀን! አርባ ቀን እንዳታደርገው ብላ የከለከለችውን፣ አንዱንም ሳያስቀር።

ጎንበስ ብላ መሬቱን መረመረችው። ሁለት እግሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ጣቶቹ ጠልቀዋል፣ ተረከዙ ቀሏል፤ ተንጠራርቶ ነበር። መንገዳገድ የለም። የተንበረከከ ጉልበት የለም። መሰላሉ የወደቀበት ጭረት የለም። ከዚያ ዱካው ወደ ቡናው ይገባል፤ እኩል እኩል እርምጃ፣ ክንዱን ታቅፎ ወደ አንድ ጎን የማይከብድ ሰው እርምጃ። ጫፉ ድረስ ተከተለችው፤ ድንጋያማው መሬት ላይ ጠፋ።

ተመልሳ መሰላሉን ቀና ብላ አየችው። አጥንቱ ከሰሐኑ አልወጣም። የሠራችው ሥራ ይዟል።

«ደደብ» አለች።

የሚሰማት ሰው አልነበረም። ደግማ፣ ትንሽ ጮክ አድርጋ፣ ወደ ያዮ በኩል ዞራ፣ «አንተ ደደብ!» አለችው።